የአውራ ጣት እርካብ

ሰው ኮርቻ ሁሉ አንድ ነው ይላል። እንዲህ የሚል ሰው ደጃፌ ላይ ቆሞ ሲያወራ ስሰማ ወስፌዬን አስቀምጬ ቀና ብዬ አየዋለሁ። ደህና ቀን ከሆነ አስረዳዋለሁ። ካልሆነ ጀርባዬን ሰጥቼ ሥራዬን እቀጥላለሁ፤ እሱም ትንሽ ቆም ብሎ መንገዱን ይሄዳል። ደንበኛ መያዝ የማታውቅ አኩራፊ ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው።

ሱቄ መርካቶ፣ ጭድ ተራ ጠርዝ ላይ ነበር። ሱቅ አልኩት እንጂ ፊቱ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ጭቃ የሆነ አንድ ክፍል ነው። ከጣሪያው የሚንጠለጠሉ ቆዳዎች ለሁለት ይከፍሉታል፤ ከፊት እሠራለሁ፣ ከኋላ እተኛለሁ። አባቴ ያስተማረኝን የኮርቻ ሥራ ይዤ ከጎጃም ስመጣ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የማወራው ግን ሠላሳ አምስት ገደማ ስለሆነኝ ጊዜ ነው። ጣልያን ከወጣ ቆይቷል፣ ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ናቸው፣ በኛ ሰፈር ከመኪናው ይልቅ የፈረሱና የአህያው ኮቴ ይበዛል። ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም። ዘመድ የሚባለው ሁሉ ዓባይ ማዶ ነው። ጎረቤቴ ከወሎ የመጡ ጭድ ሻጭ ሴትዮ ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ጠዋት "እንዴት አደርክ" ይሉኛል፣ ሲመሽ "ደህና እደር" ይሉኛል፤ በመሐሉ ከቆዳ ጋር ነው የምውለው። ብቸኛ ነበርኩ። ያኔ ይህን ቃል ከአፌ አላወጣውም፤ "ሥራ በዛብኝ" ነበር የምለው።

እውነትም ሥራ የሚበዛበት ወቅት አለ፤ ከገና እስከ ጥምቀት። በዚያ ሰሞን ጃንሜዳ ላይ የሚወዳደር ፈረሰኛ ግማሹ በኔ ደጃፍ ያልፋል። ሰውየው አፉን ሳይከፍት ምን እንደሚጫወት ከትከሻው ከሚያወርደው ኮርቻ አውቃለሁ።

እሽቅድምድም የሚገቡት ቀላል ኮርቻ ነው የሚፈልጉት። ለነሱ ኮርቻ ሸክም ነው፤ ጭራሽ ባይኖር ደስ ይላቸዋል። "ይቺን ቁረጥልኝ፣ ያቺን ቀንስልኝ" ሲሉኝ ይውላሉ። ጨዋታቸው አንድ መነሻና አንድ መድረሻ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ፣ አለቀ። ሰጋር በቅሎ ይዘው የሚመጡት ግን መቅደም ብቻ አይበቃቸውም። በቅሎዋ ሳትጋልብ፣ ጌታዋን ሳታንገጫግጭ፣ እየሰገረች መፍጠን አለባት። ጋልባ የቀደመች እንደተሸነፈች ትቆጠራለች። እነዚህ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለሆኑ መቀመጫው እንዲለሰልስላቸው ይፈልጋሉ፤ ጭቅጭቃቸውም ለጉድ ነው።

ፈረንጆቹና ውጭ አገር ተምረው የመጡት የፈረሰኛ መኮንኖች ደግሞ ዝላይ ይወዳሉ። ግንድ አጋድመው ፈረሱን በላዩ ያዘልሉታል፤ ፈረሱ እንጨቱን ከነካና ከጣለ ይቆጠርበታል። ኮርቻቸው እንደ ገበታ የተለጠጠ ነው፤ ፊት የለው ኋላ የለው፣ ምኑን ይዘው እንደሚቀመጡበት እስከዛሬ አልገባኝም። እርካባቸው ሰፊ ብረት ነው፤ እግር ከነጫማው ይገባበታል። ከፈረስ ላይ ሆነው በረጅም እንጨት ኳስ የሚመቱም አሉ። የነሱ ኮርቻ አንዴ ብቻ መጥቶልኝ ነበር፤ ባለቤቱ ስለ ጨዋታው ሲያስረዳኝ ግማሽ ቀን አባከነብኝ።

ጉግስ ግን የኛው ነው። ፈረሰኞቹ ሁለት ወገን ይሆናሉ። አንዱ ፈረሱን አዙሮ ይሸሻል፣ ሌላው ይከተለዋል። የሚከተለው ዘንጉን ይወረውራል፤ የሚሸሸው ወደኋላ እያየ፣ ጋሻውን ጀርባው ላይ አዙሮ ይመክታል። ከዚያ ተራው ይቀየራል፤ አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። ፈረሱን መምታት ነውር ነው፣ የወደቀን መምታት ነውር ነው። ይህን ሁሉ በግልቢያ ላይ ተጠማዝዘው ስለሚያደርጉት ኮርቻው ከፊትም ከኋላም ከፍ ብሎ ወገባቸውን ይይዛል። እርካቡ ደግሞ ትንሽ የብረት ቀለበት ነው። ፈረሰኛው በባዶ እግሩ ነው የሚጋልበው፤ አውራ ጣቱን ብቻ ቀለበቷ ውስጥ ይሰካል። አባቴ እንዲህ ነው ብሎ አስተማረኝ፣ እኔም እንዲሁ ሰፋሁ። ለምን ትንሽ እንደሆነች አልነገረኝም። እኔም ጠይቄው አላውቅም።

ከጉግስ ሰዎች አንድ ነበሩ፤ ከሱሉልታ የሚመጡ፣ ሃምሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ነገር አዋቂ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ጃንሜዳ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ በፈረሳቸው ስም ነው የሚጠራቸው። በየዓመቱ ከተራ ሳይደርስ ኮርቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሥራው የአንድ ሰዓት ነው፤ እሳቸው ግን በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ስለ ፈረሳቸው፣ ስለ ዳማው፣ ያወራሉ። "አንተ ሰውዬ፣ ቆዳ ስትፍቅ ፊትህም ቆዳ መሰለ። ዘንድሮስ ጃንሜዳ ትመጣለህ?" ይሉኛል። "ሥራ ነው ጋሼ" እላቸዋለሁ። "የማን ሥራ? ፈረሰኛው ሁሉ እዚያ ሲሆን አንተ የማንን ኮርቻ ልትሰፋ ነው?" ይሉና ይስቃሉ። ያን ቀን ምሳ ብቻዬን አልበላም ነበር። ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው ያንን ቀን ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ኮርቻው ላይ የሚደረበውን ጌጠኛ ልብስ፣ ግላሱን፣ ጠርዙን ሆን ብዬ ሳሳ አድርጌ ነበር የምሰፋው። አደጋ የለውም፤ ጠርዝ ቢተረተር ሰው አይወድቅም። ግን ዓመት ሳይሞላው ይተረተርና እሳቸው ተመልሰው ይመጣሉ። ለሌላ ደንበኛ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ለእሳቸው ግን በየዓመቱ አደረግሁት፣ አላፈርኩም።

አንድ ዓመት የዝላይ ደንበኛዬ የሆነ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ያረጀ ኮርቻውን ትቶልኝ ሄደ። ቆዳው አልቋል፤ እርካቦቹ ግን ደህና ነበሩ። ወዲያው ለማን እንደሆኑ ታወቀኝ። በጭቃ ፈተግኳቸው፣ በአመድ ወለወልኳቸው፣ ፊት የሚያሳዩ ሆኑ። ማንጠልጠያቸውን ከምርጥ ቆዳ ቆረጥኩ። ለሰው ስጦታ ሠርቼ አላውቅም ነበርና ስሠራ ለብቻዬ ፈገግ እል ነበር፤ እትዬ አይተውኝ "ምነው፣ ልታገባ ነው እንዴ?" ብለው ቀለዱብኝ።

ጋሼ ሲመጡ ቀለበቶቹን ፈትቼ ትልልቆቹን አንጠለጠልኩላቸው። ኮርቻውን አዙረው አዩ። እጃቸውን በሰፊው ብረት ውስጥ አሳልፈው መለሱት።

"ይሄ እርካብ ነው ወይስ የቤት በር?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ጋሼ፣ መኮንኖቹ እኮ በዚህ ነው የሚጋልቡት። እግርዎ ይመቸዋል። ስጦታ ነው፤ ከኔ ነው።"

ፊቴን አዩት። ምን እንዳዩ አላውቅም። "እግዜር ይስጥልኝ" አሉ፤ "ቀለበቶቹን ግን ስጠኝ፣ ቤት አስቀምጣቸዋለሁ።" በመሐረባቸው ቋጥረው ኪሳቸው ከተቱ። እኔም ደስ ስላለኝ፣ ሳልጠየቅ፣ "ዘንድሮ ጃንሜዳ መጥቼ አይዎታለሁ" አልኳቸው። ያን ጊዜ ፊታቸው በራ። "ቃልህ ነው?" አሉኝ። ቃሌ ነው አልኩ።

ጥምቀት ዕለት ጫማዬን ቀለም ቀብቼ ሄድኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ነጭ ልብስ፤ እኔ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ። ታቦቱ አልፎ፣ ሜዳው ተከፍቶ፣ ከሰዓት በኋላ ጉግሱ ተጀመረ። እየተጋፋሁ ከፊት ቆምኩ። ኮርቻዎቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ያ የኔ፣ ይሄ የኔ እያልኩ ለራሴ ቆጠርኩ። ከጎኔ ለቆመ ሰው ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት።

ጋሼ ዳማው ላይ ወጡ። እርካቦቹ በፀሐይ ሲያብለጨልጩ ከሩቅ ታየኝ። በሕዝቡ መሐል ዓይናቸው ሲፈልግ ቆየና አገኘኝ፤ ዘንጋቸውን ከፍ አደረጉልኝ። ወደዚያ ከተማ ከመጣሁ ጀምሮ በሕዝብ ፊት ሰላምታ የሰጠኝ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ሌላ ሰው ነበር የወደቀው፤ አንድ ወፍራም ፈረሰኛ። ዘንግ ሲያመልጥ ሚዛኑ ጠፋበትና ዱብ አለ። ፈረሱ ባዶውን ሄደ፣ ሰውየው አቧራውን አራግፎ ተነሣ። ሕዝቡ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጋሼ መሸሽ ጀመሩ። ሁለት ዘንግ በጋሻቸው መለሱ። ሦስተኛው ሲመጣ በጣም ተጠማዘዙ፣ ወደ ጎን አዘነበሉ፣ ወደቁ። ዳማው ግን ባዶውን አልሄደም። ባዶ እግራቸው በሰፊው ብረት ውስጥ አልፎ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገብቶ ነበር። ፈረሱ ደንግጦ ይሮጣል፣ እሳቸው ከኋላው ይጎተታሉ። ሰዎች ሮጠው ልጓሙን እስኪይዙት ድረስ ሜዳውን ግማሽ ዞረ።

ያን ጊዜ ገባኝ። አባቴ ያልነገረኝ ነገር እዚያው ዓይኔ ሥር ነበር። ቀለበቷ ትንሽ የሆነችው ሰው ሲወድቅ ጣቱ ወዲያው እንድትወጣ ነው። ሰፊው እርካብ የጫማ ነው፤ ተረከዝ ያግደዋል። እኔ ከተማ ገብቼ ጫማ ከለመድኩ ስንት ዓመት ሆኖኛል፤ የደንበኛዬን እግር ማየት ረስቼ ነበር።

ሰዎች ከበቧቸው። እኔም መሮጥ ነበረብኝ። ወዳጃቸው ነኝ፣ እጄ የሠራው ነው። እኔ ግን ዞርኩ። ሕዝቡን እየጣስኩ ወጣሁ፤ በእግሬ እስከ መርካቶ ሄጄ በሬን ዘጋሁ። እንደተረፉ፣ ወጌሻ እንደተጠራ፣ አንድ እግራቸው ግን እንደማይድን የሰማሁት በሳምንቱ ከሌላ ደንበኛ ነው። "እንዴት ወደቁ?" ብዬ እንደማያውቅ ሰው ጠየቅሁት። "እርጅና ነው ብለዋል" አለኝ።

ልጠይቃቸው ይገባል እያልኩ ፋሲካ አለፈ። ክረምቱ ገባ። ክረምት ሲሆን መንገዱ ጭቃ ነው አልኩ። መስቀል ሲመጣ ሥራ አለ አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ምክንያት የምደረድረው ለራሴ ነው። ብቸኝነት ድሮ እንደ ዝናብ ከላይ የመጣብኝ ይመስለኝ ነበር። ያን ዓመት ግን እኔው በእጄ እየሠራሁት እንደሆነ አየሁ፣ እያየሁም መሥራቴን አልተውኩም።

ገና ሊደርስ ሲል አንድ ዓርብ ቀትር ላይ፣ አንዋር መስጊድ ሰላት ተጀምሮ ገበያው ጭር ባለበት ሰዓት፣ የዱላ ድምፅ ሰማሁ። ኳ ይላል፣ ከዚያ እግር ይጎተታል፣ እንደገና ኳ። በቆርቆሮው ስንጥቅ አየሁ። ጋሼ ናቸው፤ ኮርቻቸውን በትከሻቸው ተሸክመዋል። ምን ነካኝ፣ ሳላስብ ተነሥቼ ከተሰቀሉት ቆዳዎች ኋላ ቆምኩ።

"ባለኮርቻው አለ?" ብለው እትዬን ጠየቁ።

እትዬ ከጭዳቸው ላይ ሆነው ስገባ አይተውኛል። "አሁን እዚህ ነበር" አሉ። "ይቀመጡ እስቲ። እግርዎን ምን አገኘው?"

በርጩማዬ ሲንቋቋ ሰማሁ። ከኔ በሁለት ክንድ ርቀት ነበሩ።

"ጉግስ ላይ ወደቅሁ።"

"የወደቀ ሁሉ እንዲህ ይሆናል?"

"የኛ እርካብ ቢሆን አይሆንም። ጣት ናት የምትገባው፣ ጣት ትወጣለች። እኔ በጫማ እርካብ ጋለብኩ።"

"ሳያውቁ ነዋ።"

"አውቃለሁ እንጂ፤ በሕፃንነቴ ፈረስ ላይ የወጣሁ ሰው እንዴት አላውቅም?" አሉ ጋሼ። "ስጦታ ነው ብሎ ሰጠኝ። ስንት ዓመት ስለምነው፣ መጥቼ አይዎታለሁ አለኝ። መጥቶ ስጦታውን ኮርቻዬ ላይ ቢያጣው ቅር ይለዋል ብዬ ነው። ሌላ ሰው የለውም እኮ።"

ከቆዳው ኋላ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር። ሁለት እርምጃ ነው። ቆዳውን ገለጥ አድርጎ "ጋሼ" ማለት ነው። አልቻልኩም። እሳቸው ደግሞ ቁጭ አሉ፤ ስለ እሽቅድምድም፣ ስለ ሰጋር በቅሎ፣ ስለ ዝላይ ለእትዬ እያስረዱ፣ ልክ ለኔ እንደሚያወሩልኝ ቁጭ አሉ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ተነሡ።

"ኮርቻውን ትቼለታለሁ" አሉ። "ቀለበቶቼ በመሐረቡ ውስጥ ናቸው፣ ወደ ቦታቸው ይመልስልኝ። ዘንድሮ የሚጋልበው ታናሽ ወንድሜ ነው። ደግሞ ይንገሩልኝ፤ ጫማው ከቆዳው ሥር ይታያል ይበሉት።"

ዱላው ኳ እያለ ራቀ። እትዬ መጥተው ቆዳውን ገለጡት። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ሂድ ድረስባቸው፣ ምን ይገትርሃል?" አሉኝ። ስወጣ ሰላት ተፈትቶ መንገዱ በሰው ሞልቷል። እስከ መሳለሚያ ሮጥኩ። ያ ሁሉ ሰው እየመጣ ነው፣ የሚሄድ አንድ ሰው አጣሁ።

ያን ኮርቻ እንደሠራሁት ሌላ ሠርቼ አላውቅም። ቀለበቶቹን በድርብ ጠፍር አሰርኳቸው። ልጓሙን፣ ዛቡን፣ የሆድ ማሰሪያውን ፈትቼ እንደገና ሰፋሁ። ግላሱ ላይም ስደርስ ጠርዙን በድርብ ክር፣ ጥቅጥቅ አድርጌ ሰፋሁት። ከእንግዲህ በኔ እጅ ምክንያት አንዲት ክር እንኳ እንዳትላላ ነው። በከተራ ዋዜማ ደጃፉን ጠራረግሁ፣ ከእትዬ ሁለተኛ በርጩማ ተዋስኩ፣ የምለውን ለብቻዬ ደጋገምኩ። "ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ።" ይህችው ናት፣ ከዚህ አትበልጥም።

የመጣው ወንድማቸው ነበር። ኮርቻውን አገላብጦ አየና "እንዴት ያለ ሥራ ነው" አለ።

"እሳቸውስ?" አልኩት።

መሬት መሬት አየ። መልእክቱን ሊነግረኝ ከብዶታል። "እኔ በአንድ እግሬ መጥቻለሁ፣ እሱ ደግሞ በሁለት እግሩ ይምጣ ብለዋል" አለኝ። ከዚያ ቤታቸውን ነገረኝ፤ እንጦጦን ወርደህ ሱሉልታ ስትገባ ትልቅ ሾላ አለ፣ ከሾላው በስተቀኝ።

ከጥምቀት በኋላ ሱቄን ዘግቼ ተነሣሁ። ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄድኩ። ዳገቱ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን አየሁ። ምን ብዬ እገባለሁ፣ ተነሥተው ሲቀበሉኝ የቱን እግራቸውን አያለሁ እያልኩ ፀሐይ አጋደለች። ተመለስኩ። ሁለተኛም ሞከርኩ፤ ያን ጊዜም ከዚያው ድንጋይ አላለፍኩም።

የሚቀጥለው ከተራ ሲደርስ በርጩማውን ደጃፉ ላይ አወጣሁ። ግላሱ ተተርትሮ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። በዓመቱም ጠበቅሁ። የእሽቅድምድሞቹ ሰዎች መጡ፣ የበቅሎዎቹ መጡ፣ ከሱሉልታ ግን ማንም አልመጣም። ጠብቆ የተሰፋ ነገር ነው፤ አልተተረተረም።